የጌዶ ላሞች የቀመሱት ባሕር

እኔና ተሬፋ ከመጋባታችን በፊት በወፍ ምክንያት ኬንያ ድረስ በመኪና ሄደናል። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ ይስቃል። ከአውራጃ አውራጃ ለመሄድ እንኳ የቀበሌ መሸኛ የሚጠየቅበት ዘመን ነበር፤ እኛ ግን ወፍ ልንመለከት እስከ ህንድ ውቅያኖስ ተጓዝን።

ወፉ ግሪሳ ይባላል። ከድንቢጥ አይበልጥም። ብቻውን ሲታይ ያሳዝናል። ሲመጣ ግን እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ የደረሰ ማሽላ ላይ ካረፈ ለገበሬው የሚተርፈው አገዳው ነው። በ1978 ዓ.ም. አምቦ በአንድ የሰብል ጥበቃ ጣቢያ ረዳት ቴክኒሻን ነበርኩ። ኬንያ ውስጥ ስለ ግሪሳ ሥልጠና ተዘጋጅቶ ከየአገሩ ሠራተኛ ሲጠራ፣ የእኛም ጣቢያ አንድ ላንድሮቨርና ሦስት ሰው መደበ። ኃላፊያችን አቶ ሀብተሥላሴ፣ የቤተ ሙከራዋ እት አስያ፣ ሦስተኛዋ እኔ። በዚያ ላይ ሹፌር።

ሹፌሩን ተሬፋን በመልክ ብቻ ነበር የማውቀው። ከእንጭኒ ተዛውሮ ከመጣ ብዙም አልቆየም። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁን በቤንዚን ታጥቦ በሳሙና የሚደግም ልጅ ነበር። አንድ ቅዳሜ የጌዶ አውቶቡስ አምልጦኝ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ላንድሮቨሩ አጠገቤ ቆመ።

«ድንቅቱ አይደለሽም? የወፍ ክፍሏ?»

«የተምችም ነኝ።»

«ለዛሬ ወፉ ይበቃል። ጌዶ መድኃኒት መርጫ አደርሳለሁ፤ ግቢ።»

ጉደርን አለፍን። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣

«አባትሽ ጋ ለዋስ ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«አዎ። አንተስ አገኘህ?»

«እየፈለግኩ ነው።»

እየፈለገ ያለ ሰው አይመስልም ነበር።

በዚያን ጊዜ ከአገር የሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ዋስ ማቅረብ ነበረበት። ሰውየው ያልተመለሰ እንደሆነ ዋሱ ይታሰራል፤ ያለውንም ያጣል። ለገዛ ወንድሙ የማይፈርም ሰው ብዙ ነበር። የእኔ አባት፣ ኦቦ ሙለታ፣ ከጌዶ ወጣ ብሎ የሚኖር ከብት አርቢ ነው። ጸሎት ቤታችን እስኪዘጋ ድረስ ሽማግሌ ሆኖ አገልግሏል። ለእኔ እንደሚፈርም አልተጠራጠርኩም። የተጠራጠርኩት እናቴን ነበር።

«ሴት ልጅ ባሕር ማዶ?» አለች እናቴ ወርቅቱ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ባሕሩን አንሻገርም፣ እማ። ዳሩ ላይ ቆመን ነው የምንመለሰው።»

ተሬፋ መርጫውን አድርሶ ሲመለስ ሊያሳፍረኝ መጣና አባቴ ካልገባህ አለው። ገብቶ በላ። ሲጨርስ አባቴ ትኩር ብሎ አየው።

«ላንተስ ማን ፈረመልህ?»

«ማንም፣ ኦቦ።»

«ዘመድ የለህም?»

«አንድ ወንድም ነበረኝ። አሁን አገር ውስጥ የለም።»

አባቴ ስለ ወንድሙ ምንም አልጠየቀም። «አንተ ካልሄድክ ታዲያ ማን ይነዳታል?» አለ።

«ዓብዲሳ የሚባል ሹፌር አለ።»

«የቱ ዓብዲሳ? ያ በገበያ ቀን አህያ ገጭቶ ወርዶ አህያዋን የሰደባት?»

«እሱ ነው።»

አባቴ ተነስቶ ካፖርቱን ደረበ። «ተነስ፤ ቀበሌው ሳይዘጋ እንድረስ።»

እናቴ በራፉ ላይ ያዘችው። የማናውቀው ሰው ነው፣ ከብቶቻችንን ልታስወስድ ነው ወይ አለችው። አባቴ የመለሰላትን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

«ከእሷ ጋር ይወጣል፤ ከእሷ ጋር ይመለሳል። አንድ መኪና፣ አንድ ዋስ።»

እንዲህ ሆኖ አባቴ ለሁለታችንም ፈረመ።

* * *

የተነሳነው በየካቲት ነው። እት አስያ ወሎዬ ናት፤ መንገዱን ሁሉ ስታስቀን ነው የሄደችው። አንድ ሳጥን የአምቦ ውሃ ጭነን ነበር። አቶ ሀብተሥላሴ የሰው አገር ውሃ ሆዳቸውን ስለሚያውካቸው ነው። ከፊት የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። እኔና እት አስያ ከኋላ ነን።

ሞያሌን አልፈን ኬንያ እንደገባን ነገሩ ተለወጠ። እዚያ አገር መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነው። የእኛ ላንድሮቨር መሪ ደግሞ በግራ ነው። እንዲህ ሲሆን ሹፌሩ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ይጣበቅና ከፊቱ የጭነት መኪና ካለ ወዲያ ማዶ ምን እንደሚመጣ አያይም። የሚያየው ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው። አቶ ሀብተሥላሴ ከጎን ተቀምጠዋል፣ ግን ተኝተዋል።

ከፊታችን ይሄድ የነበረ ከባድ መኪና ተሬፋን ሲያስጨንቀው ቆየና፣ ልቅደመው ብሎ ወጣ ሲል፣ እኔ ከኋላ በቀኝ መስኮት አንድ አውቶቡስ ሲመጣ አየሁ። አማርኛው ጠፋኝ።

«ቢታ! ቢታ!» ብዬ ጮህኩ። በኦሮምኛ ግራ ማለት ነው።

ተመለሰ። አውቶቡሱ እያጓራ አለፈን። አቶ ሀብተሥላሴ ነቅተው «ምንድነው?» አሉ። ተሬፋ መኪናውን ዳር አቆመና ላቡን ጠረገ።

«ጋሼ ሀብተሥላሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ከኋላ ቢተኙ ይሻላል። ድንቅቱ ከፊት ትሁን።»

«እኔ መቼ ተኛሁ?»

«አልተኙም» አለች እት አስያ። «ሲያንኮራፉ ብቻ ነው የሰማነው። ይምጡ፣ እዚህ ሰፊ ነው።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእሱ ዓይን እኔ ሆንኩ። መንገዱ ነጻ ሲሆን «ውጣ» እለዋለሁ፤ ይወጣል። አደባባይ ላይ ተሳስቶ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል «ቢታ» እለዋለሁ፤ ይመለሳል። ጠይቆኝ አያውቅም፣ አንዴም አመንትቶ አያውቅም። ሰው በቃሌ ብቻ እንዲያ ሲንቀሳቀስ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ።

ሰሜኑን ክፍል ሽፍታ ስላለበት በወታደር ታጅበን በሰልፍ አለፍነው። ሰጎን ከመኪናችን እኩል ሲሮጥ አየን። ከናይሮቢ ወደ ባሕሩ በሚወርደው መንገድ ላይ ደግሞ ዝሆኖች አገኘን። የአፈሩን ቀለም ይዘው ቀይ ሆነዋል። ተሬፋ ሞተሩን አጠፋ። በእኔ በኩል አለፉ። ትልቋ ዝሆን መንገዱ መሀል ቆማ ግልገሎቹን ስታሳልፍ ጆሮዋ የነፈሰው ነፋስ ፊቴን ነካኝ። ተሬፋ በፊቴ አቋርጦ እጁን ዘረጋና መስኮቴን ቀስ ብሎ ዘጋው። ዝሆኖቹ ካለፉ በኋላ እጁ እዚያው የመስኮቱ ማዞሪያ ላይ ቆየ። አላነሳውም። እኔም አንሳው አላልኩትም።

«ሄደዋል እኮ፣ ተሬፋ» አለች እት አስያ ከኋላ።

እሱ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ውጭ ውጭውን አየሁ።

* * *

ሥልጠናው ማሊንዲ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነበር። ከመድረሳችን በፊት አንድ ቦታ ላንድሮቨሩን ከነእኛ ጀልባ ላይ ጭነው ውሃ አሻገሩን። አቶ ሀብተሥላሴ እስክንወርድ ድረስ በሹክሹክታ ዳዊት ደገሙ። እት አስያ ቢስሚላሂ አለች። ተሬፋና እኔ ዝም ብለን ጸለይን። «እንግዲህ አንዳችን ብንሳሳት አንዳችን አንስትም» አለች እት አስያ፣ ጎማው ደረቅ መሬት ሲነካ።

ባሕሩን መጀመሪያ ያየነው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የራሳችን ባሕር አለን፤ ግን ሰሜን ጦርነት ስለሆነ ከአምቦ ተነስቶ ሊያየው የሚሄድ አልነበረም። የሰው አገር ባሕር አየን። እት አስያ ጫማዋን አውልቃ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባች። አቶ ሀብተሥላሴ በሩቅ ማሳያ መነጽር ወዲያ ማዶውን ፈለጉ፤ አላገኙትም።

ተሬፋ ጎንበስ አለና በመዳፉ ጨልፎ ቀመሰ። ፊቱ በራ።

«ሆራ ነው!»

ሆራ ከብት የምናጠጣበት ጨዋማ ምንጭ ነው። እኛ አገር ላም በዓመት ሆራ ካልጠጣች ወተቷ አያምርም ይባላል፤ ሰው ከብቱን የቀን መንገድ ነድቶ ይወስዳል። እኔም ቀመስኩ። ጎመዘዘኝ።

«ይሄ ሁሉ ሆራ ባዶውን ተቀምጦ» አለ ተሬፋ። «የአባትሽ ላሞች እዚህ ቢመጡ አይመለሱም ነበር።»

ያን ቃል ካወጣው በኋላ ሊመልሰው የፈለገ መሰለኝ። ያኔ ምክንያቱን አላወቅኩም።

ሥልጠናው ጠዋት ጠዋት መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከሰዓት ሜዳ ላይ ነበር። አንድ ቀን አሠልጣኙ ወንዝ ባሕር የሚገባበት ቦታ ወሰደን። ግሪሳ የለበትም፤ ወፍ በብዛት ሲያርፍ እንዴት እንደሚገመት ልናይ ነው። አሸዋው በወፍ ተሸፍኖ ነበር። ፍላሚንጎዎቹ በእግራቸው ጭቃውን እየረገጡ ይዞራሉ። ትንንሾቹ ማዕበሉ ሲመጣ በአንድነት ይሸሻሉ፣ ሲሄድ ይከተሉታል፤ ልጆች የሚጫወቱ ይመስላሉ። አሠልጣኙ እነዚህ ትንንሾቹ ከሰሜን አውሮፓና ከሶቪየት ኅብረት የሚመጡ ናቸው፣ ዝናቡ ሲቃረብ ይመለሳሉ፣ በየዓመቱ እንዲሁ ነው አለን።

«ያለ መውጫ ቪዛ?» አለች እት አስያ በአማርኛ።

«አስያ፣ ተይ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ያለ ዋስ? ሶቪየት ኅብረት ፈቅዶላቸው?»

«አስያ፣ አደራሽን! ልጆች አሉኝ።»

እኔ ስስቅ ተሬፋን አየሁት። አልሳቀም። ትንንሾቹን ወፎች እያየ ነበር።

* * *

በማግስቱ ከምሳ በኋላ የእንግዳ ማረፊያው በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ «አከም ጅርቱ!» አለ፤ እንደምን አላችሁ ማለቱ ነው። እዚያ አገር ኦሮምኛ ስሰማ ደንግጬ ዞርኩ። ቀኝ እግሩን ይጎትታል። የተሬፋ ዓይንና የተሬፋ ግንባር አለው።

ተሬፋ ሮጦ አቀፈው። ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። ከዚያ ተሬፋ እኔን ጠራኝ።

«ወንድሜ ነው። ጂራ ይባላል።»

ጂራ እንጭኒ የመዘምራን መሪ ነበር። ጸሎት ቤቶቹ ሲዘጉ ታሰረ። እግሩ እንዲያ የሆነው እዚያ ነው። ሲፈታ በሞያሌ ወጥቶ ሞምባሳ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ያዘ። ማሊንዲ እንደደረስን ተሬፋ ጋራዡ ስልክ ደውሎለት ኖሯል። ይህን ሁሉ ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ነው የሰማሁት። ተሬፋ ከሳጥኑ አንድ የአምቦ ውሃ አምጥቶ ከፍቶ ሰጠው። ጂራ ጠርሙሱን አገላብጦ አየው፤ ጽሑፉን በጣቱ ዳሰሰው። ጠጣና ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጋዙ ነው» አለ። «አፍንጫዬ ገባ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቢታ የምትለው እሷ ናት?»

«እሷ ናት» አለ ተሬፋ።

«ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ በስልክ ስለ አገር ስጠይቀው ስላንቺ ነው የሚመልስልኝ። ድንቅቱ፣ አልደብቅሽም። ይሄን ልጅ ላስቀረው ነው የመጣሁት። ጋራዡ ሰው ይፈልጋል። የመኖሪያውንም ነገር የሚያውቅ ሰው አለኝ። አንቺም ብትቀሪ ደስ ይለኛል።»

«ዋስ አለብኝ» አለ ተሬፋ።

«ዋስ የሌለበት ማን አለ? ያንተ ማነው?»

ተሬፋ ወደ እኔ አየ። «አባቷ።»

«የእሷስ?»

«አባቷ።»

ጂራ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። «ሰውየው ምን ነካው?» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሽማግሌ ነው። ቢያስሩትም ብዙ አያቆዩትም።»

«አንተን ብዙ እናቆየዋለን ብለው ነበር የወሰዱህ?» አለ ተሬፋ።

ጂራ እግሩን በእጁ አንስቶ ቦታ ለወጠለት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወደ አገራችን ልንነሳ ነበር። ጂራ በዚያው ጠዋት አውቶቡስ መናኸሪያው እንደሚጠብቀው ነግሮት ሄደ። እሱን ሸኝቶ ሲመለስ ከተሬፋ ጋር ወደ ባሕሩ ወረድን። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ይጎትቱ ነበር።

«ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ልለው የምፈልገው ብዙ ነበር። አባቴ ያንን ካፖርት ሲደርብ ታየኝ። የጂራም እግር ታየኝ። ወንድሙን ካጣው ስንት ዓመቱ ነው፤ እኔን ካወቀኝ ገና ነው።

«ወንድምህ ነው። እዚሁ ቅር አልልህም፣ ተመለስም አልልህም። እኔ ግን እመለሳለሁ።»

«ያለ ሹፌር?»

«ጋሼ ሀብተሥላሴ ይነዳሉ።»

«እሳቸው ቢታና ሚርጋ አይለዩም።»

«አስተምራቸዋለሁ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ ሚርጋ ቀኝ ማለት መሆኑን አቶ ሀብተሥላሴ ባያውቁም መንዳት እንደሚችሉ ሁለታችንም እናውቃለን። ጎን ለጎን ቆመን ጀልባዋ አሸዋው ላይ እስክትወጣ አየን። ትከሻው ትከሻዬን ነክቶ ነበር።

* * *

በመነሻችን ጠዋት ተሬፋ አልነበረም።

ላንድሮቨሩ ታጥቧል። ዘይቱ ተለክቷል። ዕቃችን ተጭኖ ታስሯል። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ተቀምጧል። አልጋው ተነጥፏል። አቶ ሀብተሥላሴ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ግቢውን ይዞራሉ።

«ጨረሰኝ» ይላሉ። «ይሄ ልጅ ጨረሰኝ። እኔ ነኝ የቡድን መሪ። ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

እት አስያ እጄን ያዘችኝ። «ጸልዪ እንጂ። ጴንጤ አይደለሽም እንዴ?»

አልቻልኩም። እየቆጠርኩ የነበረው የአባቴን ላሞች ነው፤ ማን ማንን እንደወለደች፣ በየስማቸው። ቡሬ፣ የቡሬ ልጅ፣ ደለቻ። ቀበሌው መጥቶ ሲነዳቸው ይታየኛል። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አልነበረም። ያ የፊት ወንበር ነው። እዚያ ተቀምጬ ማንን ነው ውጣ፣ ግባ የምለው?

ፀሐዩ ወጥቶ ሞቀ። አቶ ሀብተሥላሴ «እንግዲህ ግቡ» አሉ። ገባን። ሞተሩን አስነሱት። ያን ጊዜ እት አስያ፣

«ያ ማነው?» አለች።

ከባሕሩ በኩል ይመጣል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። ጫማውን በአንድ እጁ፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በሌላ እጁ ይዟል። አይሮጥም፤ ውሃው እንዳይፈስ በጥንቃቄ ይራመዳል።

አቶ ሀብተሥላሴ ዘለው ወረዱ። «አንተ ሰው! ምን ዓይነት ሰው ነህ? የት ነበርክ?»

«ውሃ ልቀዳ ሄጄ፣ ጋሼ።»

«ባሕሩ እዚህ አይደለም እንዴ? ውሃ ለመቅዳት ይሄን ያህል?»

«ባሕሩ አልነበረም» አለ ተሬፋ። እውነቱን ነበር። «ስደርስ ሄዷል። አሸዋ ብቻ ነው ያለው፣ እዚያ ድረስ ጭቃና ድንጋይ። ተከትዬው ሄድኩ፣ አልደረስኩበትም። ከዚያ አንድ ዓሣ አጥማጅ ተቀመጥ፣ ይመጣል አለኝ። እስኪመለስ ጠበቅኩት።»

ባሕር በቀን እየሄደ እንደሚመለስ ማናችንም አናውቅም ነበር። እት አስያ ሳቋ ሲለቃት መኪናው ላይ ተደገፈች። አቶ ሀብተሥላሴም መቆጣታቸውን ሳይጨርሱ ሳቁ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ተሬፋ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ጠርሙሱን ከጎማ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ደፍኖ ሰጠኝ። ጂራ የጠጣበት ጠርሙስ ነው።

«ለአባትሽ ነው። ላሞቹ ይቅመሱት።»

«ጂራስ?»

«ሳይነጋ ሄጄ መናኸሪያው አገኘሁት። ተሰነባበትን።» ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አየሁት መሰለው፤ «ጨዉ ነው» አለ።

ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ ሳልጠይቀው፣ «አባትሽ አንድ መኪና፣ አንድ ዋስ ብለዋል» አለኝ። «መኪናው ተመልሶ እኔ ብቀር ምን ሊሉ ነው?»

ሞያሌ ላይ የአገራችንን ኬላ ስናልፍ በልማድ ግራውን ይዞ ቀጠለ። «ሚርጋ!» አልኩት። ከዚያ በኋላ በቤታችን የተረፈን ቃል ይኸው ነው። ጫማውን በተቃራኒ እግር ሲያስገባ፣ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ሲስት፣ ሲቆጣ፣ ሁልጊዜ ሚርጋ እለው ነበር።

* * *

አባቴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። «ይሄ ነው ባሕሩ?»

«ከፊሉ ነው፣ ኦቦ» አለ ተሬፋ።

ገበቴ አምጥቶ በንጹሕ ውሃ በረዘውና ለቡሬ አቀረበላት። አሸተተችው። ቀመሰች። ከዚያ ገበቴውን ላሰችው፣ ሌሎቹም ተጋፍተው መጡ። የጌዶ ላሞች የህንድ ውቅያኖስን ጠጡ። እናቴ ጎረቤት ጠራች።

ተሬፋ ግን አልሳቀም። አባቴ ፊት ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ ጂራ እንደመጣ፣ እንዲቀር እንደለመነው፣ ሊቀር ጥቂት እንደቀረው።

«ወንድምህ የት እንዳለ አውቅ ነበር» አለ አባቴ። «እንጭኒ ያሉ ወንድሞች ነግረውኛል። ከመፈረሜ በፊት አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙልኝ?»

አባቴ ላሞቹን ማየት አልተወም። «ዓብዲሳ ይጠጣል» አለ።

በዚያው ዓመት ተሬፋ ሽማግሌ ላከ። አቶ ሀብተሥላሴ ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው ጌዶ ድረስ መጡ። አባቴ በደንቡ መሠረት ቁጭ አድርጎ ከየት ነው፣ የማን ልጅ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያም «ዋሱ ማነው?» ሲል ሽማግሎቹ ግራ ገባቸው። ተሬፋ ነው ከውጭ በመስኮት በኩል «እርስዎ ነዎት፣ ኦቦ!» ብሎ የጮኸው። ሙሽራ በዚያ ሰዓት አይናገርም። ሲሳቅ ዋለ።

አምቦ ላይ ቤት ተከራይተን ኖርን። ሴት ልጅ ወለድን፤ ሽታዬ አልናት። የባሕሩ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ደስተኞች ነበርን ስል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ደመወዝ ያጥራል፣ ስብሰባ ይበዛል፤ ማታ ግን ይመጣል። በሩን ሲከፍት «ነጻ ነው?» ይላል። «ግባ» እለዋለሁ።

በ1982 መግቢያ ላይ ከየመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ለግዳጅ ወደ ሰሜን ይሄዳል ተባለ። ከእኛ ጣቢያ ተሬፋና ዓብዲሳ ተመረጡ። አልጠየቋቸውም፤ ስማቸው ተለጠፈ። መሄጃው ጠዋት የመኪናው መስኮት ላይ ቆሜ ምን እንደምለው ጠፋኝ። «በየት በኩል ነው እዚያ የሚነዳው?» አልኩት።

«እንደኛው ነው። በቀኝ።»

ከዚያ በኋላ ከአንድ ተመላሽ ሹፌር ጋር አንድ ጊዜ ብቻ መልእክት መጣልኝ። ምፅዋ ነበር። «ባሕራችንን አየሁት በላት» ብሎታል። «ይሄኛውም ሆራ ነው። ከማሊንዲው ግን ይሞቃል።»

በየካቲት ምፅዋ ላይ ትልቅ ጦርነት መሆኑን ሰማን። ከዚያ ወሬ ጠፋ። ዝናብ ሲገባ ዓብዲሳ ተመለሰ። ቆስሎ አስመራ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። መጀመሪያ ወደ እኔ አልመጣም፤ ጌዶ ድረስ ሄዶ ለአባቴ ነገረው። አባቴና ሽማግሎቹ ገና ሳይነጋ በሬን ሲያንኳኩ የመጡበትን አወቅኩ። እንዲህ በጠዋት የሚመጣው ለመርዶ ብቻ ነው።

አስከሬን የለም። ጸሎት ቤቶቹ መከፈት ጀምረው ስለነበር መዘምራኑ በግልጽ ዘመሩ። እት አስያ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትናገር ዋለች። ዓብዲሳ ድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብሏል። አልጠጣም። ሲመለስ ጀምሮ መጠጥ አልቀመሰም አሉ።

አባቴ ከወንዶቹ መሀል ተነስቶ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ። ባዶውን ጠርሙስ ከመስኮቱ አንስቶት ኖሯል፤ እጁ ላይ ነበር።

«ዓብዲሳ» አለው። «በዚህኛው ጉዞ ዋሱ ማን ነበር?»

ዓብዲሳ ቀና ብሎ አየው። «ለዚህኛው ዋስ አይጠየቅም፣ ኦቦ።»

«ማንም አልፈረመም?»

«ማንም።»

አባቴ ጠርሙሱን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገው።

«ቢጠይቁኝ እፈርምለት ነበር» አለ።